የወንዝ ዳር ዛፍ፤ ስለ አዲስ አበባ ወንዞችና ስለ አገር በቀል ተክሎች ታሪክ

በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን የሚያድሉት ቄጠማ የኖኅን ርግብ የሚያሳስብ ነው። ርግቢቱ የጥፋት ውሃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል እንዳበሠረች፣ ካህናቱም የትንሣኤውን ብሥራት በለምለም ቄጠማ ያውጃሉ፤ ምእመኑም ተቀብሎ በራሱ ላይ ያሥረዋል። ስለዚህ ሥርዓት ምሥጢር ሊቃውንት ብዙ አስተምረዋል፤ ቄጠማው ከየት እንደሚታጨድ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። ቄጠማ በደረቅ መሬት አይበቅልም። የሚበቅለው ወንዝ ዝግ ብሎ በሚተኛበት፣ ምንጭ በሚያዠበት፣ ጨፌ በረጠበበት ቦታ ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ ሰዎች ለበዓል የሚጎዘጉዙትን ቄጠማ በደጃቸው ካለው ወንዝ ማጨድ ትተው ከገበያ መግዛት ከጀመሩ፣ በወንዙ ዳር አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ለውጥ ነው። የውሃ ዳር ተክል የወንዙን ውሃ ከደለልና ከእድፍ እንደሚጠብቅ ያሁኑ ዘመን ሳይንስ በልኬት አረጋግጧል፤ ከዚህም የተነሣ በልዩ ልዩ አገሮች በወንዞች ዳር አገር በቀል ዛፍና ሣር መትከል የመንግሥት ሥራ እስከ መሆን ደርሷል። በኢትዮጵያም ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ ይነገራል። ነገር ግን ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት መስሎ ሲቀርብ ሁለት ነገሮች ይረሳሉ፤ የደጋው ሕዝብ የወንዝ ዳርን ተክል በየስሙ የሚያውቅና በልማድ የሚጠብቅ እንደ ነበረ፣ ደግሞም ያ ጥበቃ በምን ምክንያትና በየትኛው ዘመን እንደ ላላ። ለምሳሌነት በተለይ ከእንጦጦ ተራራ ተነሥተው አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አዋሽ የሚወርዱት ወንዞች ተመርጠዋል።

ሰው ባልነካው የደጋ ወንዝ ዳር፣ ከውሃው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው፣ ተክሎቹ በተራ በተራ የተሰለፉ ይመስላሉ። እግራቸውን ከውሃ ነክረው የሚቆሙት ፊላና ቄጠማ ናቸው፤ እንደ ጣና ባለ ሰፊ ውሃ ዳር ደግሞ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። ከነዚህ በላይ አኻያ ይመጣል፤ ይኸውም በመዝሙረ ዳዊት በባቢሎን ወንዞች ዳር የቆመው ዛፍ በአማርኛው የተጠራበት ስም ነው። የአኻያ ሥር እንደ ፀጉር የረቀቀና የተጠላለፈ ስለ ሆነ ጎርፍ ሲመታው ዳርቻውን አይለቅም። ከዚያ ከፍ ሲል እንደ ቦታው ቆላነትና ደጋነት ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ወይራ፣ ጥድ፣ ኮሶ፣ ቀርከሃ ይከተላሉ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ቀጋና አጋም፣ ቀጨሞና እንዶድ ይሞሉታል። ቀጋ ለልጆች ፍሬውን ይሰጣል፤ ለወንዙ ግን የሚጠቅመው እሾኹ ነው። ከብት በፈለገበት ቦታ ወርዶ ዳርቻውን እንዳይንደው የሚከለክለው እርሱ ነውና፤ ከብቱ በመልካው በኩል ብቻ ወርዶ ጠጥቶ ይመለሳል።

ሸምበቆም ከነዚሁ ጋር ይቆጠራል። ዋሽንት ይሠራበታል፣ ለቤትና ለአጥር ያገለግላል፤ ባላገሩ ከአያቶቹ ጋር የኖረ ተክል አድርጎ ያየዋል። የዕፀዋት ተመራማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚጠራው ተክል በጥንት ዘመን ከእስያ ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋ እንደ ሆነ ያስባሉ። ስለዚህ «አገር በቀል» የሚለው ቃል ራሱ የዘመን ጉዳይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እንዶድ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይገባዋል። ሳሙና ከመምጣቱ በፊት፣ ከመጣም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ የደጋው ሕዝብ ነጠላና ጋቢውን በወንዝ ዳር ያጠበው የእንዶድን ፍሬ አድርቆና ወቅጦ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሐርዚያ በሽታ ሲመራመሩ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተገኙ። የበሽታው ተሕዋስ ከፊል ዕድሜውን የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና፣ ከዚህ አጋጣሚ ታላቅ ምርምር ተወለደ፤ ዶክተር አክሊሉም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ሌላው ገጽታው ነው። አጣቢዎቹ ስለ በሽታው ምንም ሳያውቁ፣ ልብሳቸውን ለማንጣት ሲሉ ብቻ፣ ውሃቸውን ከአንድ ጠንቅ ያነጹ ነበር። በሌላ በኩልም እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላል። የአገር ተክል ሁሉ ለውሃ ደግ ነው የሚል ሰው ይህን ማስተዋል ይኖርበታል።

የወንዝ ዳር ተክል በጥቅሙ ብቻ የተጠበቀ አልነበረም፤ ይፈራም ነበር። በየምንጩ ራስ ያለ ትልቅ ሾላ ወይም ዋርካ አድባር ይባላል፤ ቅቤ ይቀባል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ቅርንጫፉን የሚቆርጥ ሰው ደፋር ነው። በቀትር ጊዜ ብቻውን ወንዝ ዳር የሚቀመጥ ሰው ጋኔን ይለክፈዋል ተብሎ ልጆች ይከለከሉ ነበር። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ክረምቱ ሲወጣ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር ወርዶ ለዋቃ ምስጋና ያቀርባል፤ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻ ከሁሉ የታወቀው ነው። እርጥቡ ሣር በውሃው እየተነከረ የሚረጨው የልምላሜ ምልክት ሆኖ ነው። ኦዳውም ለጉባኤና ለሕግ መሰብሰቢያ ጥላ ስለ ሆነ መጥረቢያ አይነካውም።

በሰሜኑም ክፍል እንዲሁ ነው። የዓባይ ምንጭ የሆነችውን ግሽን በ1610 ዓ.ም. ያየው ፔድሮ ፓኤዝና በ1763 ዓ.ም. የደረሰው ጄምስ ብሩስ ሁለቱም የአገው ሕዝብ በምንጩ ላይ ስለሚፈጽመው የመሥዋዕት ሥርዓት ጽፈዋል። ዛሬ በዚያው ቦታ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ይጠራል፤ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳይርሱ እንደ ተቀበሉ ይተረካል። እምነቱ ተለወጠ፤ ምንጩ ግን እንደ ተከበረ ቀረ። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎችም ቦታዎች ጠበል የሚፈልቅበት ስፍራ በዛፍ የተከበበው በዚሁ መንገድ ነው። ጠበልተኛው በዛፉ ሥር ያድራል፣ ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው፣ የሚቆርጠውም ቢኖር ከካህኑ ግዝት አያመልጥም።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች እነዚህን ልማዶች ሁሉ የጥንት የደን ጥበቃ ሕግ አድርገው ያቀርቧቸዋል። ይህ ልማዱን ማክበር ቢመስልም ማሳሳት ነው። አድባሩን የሚቀባ ሰው የሚሻው ልጅ፣ ዝናምና ጤና እንጂ የጠራ ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ከአድባሩ መቶ እርምጃ ወዲያ ያለውን ዛፍ ያለ አንዳች ፍርሃት ቆርጦ ያነደው ነበር። እንዲያውም የደጋው ደን የተመነጠረው ይህ ሁሉ እምነት ጸንቶ ሳለ ነው። ልማዱ ያተረፈው ነገር በምንጭ ራስ፣ በመልካና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉትን ቁራጭ ቦታዎች ነበር። ነገር ግን ውሃን በተመለከተ እነዚያ ቁራጭ ቦታዎች ከሌላው ሁሉ የሚበልጡ ቦታዎች ሆነው ተገኙ፤ የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

በመንግሥት ትእዛዝ ዛፍ ስለ መትከል ከሚነገረው ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው የመናገሻ ደን ታሪክ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) በወጨጫ ተራራ ያለው ደን ተራቁቶ ቢያዩ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በአፈ ታሪክ ይነገራል። የትውፊቱ ዝርዝር በጽሑፍ ማስረጃ ቢፈተን ምን ያህል እንደሚጸና መናገር ያስቸግራል፤ ደኑ ግን እስከ ዛሬ አለ፣ ከሥሩ የሚወርዱት ምንጮችም ይፈሳሉ።

የአዲስ አበባ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቆረቆር፣ ቦታው ኦሮሞው ፊንፊኔ ይለው የነበረው የምንጭ፣ የጨፌና የግጦሽ አገር ነበር። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡና ሌሎችም ጅረቶች ከእንጦጦ ወርደው መስኩን ይከፋፍሉታል። መኳንንቱም በየኮረብታው ጉብታ ላይ ሲሰፍሩ፣ አሽከሮቻቸውና ወታደሮቻቸው በዙሪያው ወደ ወንዙ አቅጣጫ ተዳፋቱን ይዘው ሰፈሩ። በአንድ ሰፈርና በሌላው መካከል ያለው ወሰን ወንዝ ነበር ማለት ይቻላል። ወይራ ሰፈርና ሾላ የሚባሉት ስሞች ከቀሩት ዛፎች ይልቅ ዛሬ የበለጠ ይናገራሉ።

የብዙ ሺህ ሰው ሰፈር የሚያስፈልገው ማገዶና የቤት እንጨት የአካባቢውን ደን በጥቂት ዓመታት ጨረሰው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዋና ከተሞች ማገዶ ሲያልቅ ይነቀሉ ስለ ነበር ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ፤ ከተማው በሙሉ ወደዚያ ሊዛወር ታስቦ ነበር። ዝውውሩ ግን ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ፣ በብዙዎች አስተያየትም ዋናው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ያስገባው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደ ሆነ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በርካሽ እንዲታደልና ዛፉ የተተከለበት መሬት ከግብር እንዲቀልለት በማድረጋቸው ተከላው ፈጥኖ ተስፋፋ፤ አዲስ አበባም በጥቂት ዘመን ውስጥ በባሕር ዛፍ ጫካ የተሸፈነች ከተማ ሆነች።

ባሕር ዛፍን ያለ ፍርድ መኰነን አይገባም። ቶሎ ያድጋል፣ ከብት አይበላውም፣ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ባይኖር ኖሮ የቀረው ወይራና ጥድ እስከ ሥሩ በነደደ ነበር። ድሃው ቤቱን የሠራው፣ እንጀራውንም የጋገረው በእርሱ ነው፤ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉበት እርሱ ነው። ሆኖም ከሥሩ ሣር ብዙ አይበቅልም፤ የወደቀውም ቅጠል ለምጣድ ተጠርጎ ሲሄድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። የክረምት ዝናም በራቁት ተዳፋት ላይ ሲወርድ አፈሩን ይዞ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይገባል። ዛፉ በራሱ በወንዝ ዳር ሲተከል ደግሞ ሥሩ ሁልጊዜ ከውሃ ጋር ስለሚገናኝ በበጋ ብዙ ውሃ ይመጥጣል።

ይህን የመረዳት ነገር አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913፣ ባሕር ዛፍ በገባ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ዛፉ ምንጭና ጕድጓድ ያደርቃል ስለ ተባለ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና በምትኩ የሐር ትል ቅጠሉን የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። አዋጁ አልተፈጸመም ማለት ይቻላል። የሚነቅለው ሰው ጣራውን፣ አጥሩንና የሽያጭ ገንዘቡን አብሮ መንቀሉ ነበርና ባይፈጸም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው በምትኩ የታሰበው ዛፍ ነው። ከአንዱ የባሕር ማዶ ዛፍ ጕዳት ለመዳን ሌላ የባሕር ማዶ ዛፍ ተመረጠ፤ በቀበና ዳር ገና በሕይወት ስለ ነበሩት አኻያና ወይራ ያሰበ አልነበረም። ዛፍ የሚመዘነው በሚያስገባው ገንዘብ ብቻ የሆነው ምናልባት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ። በኢትዮጵያ ቀይ ባሕር ዛፍ የሚባለው ዓይነት በትውልድ አገሩ በአውስትራልያ የታወቀ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው። በዚያ አገር ወንዞችን የሚጠብቁ ሰዎች በዳርቻው እንዲመለስ የሚደክሙለት፣ ወፎችና ዓሦች የሚጠለሉበት እርሱ ነው። በደቡብ አፍሪቃ ግን በ1995 (እ.ኤ.አ.) «ለውሃ መሥራት» በሚል ስም የተጀመረው የመንግሥት ሥራ ባሕር ዛፍንና ሌሎች ከውጭ የገቡ ዛፎችን ከወንዝ ዳር እያስቆረጠ ለብዙ ሺህ ሥራ ፈቶች መተዳደሪያ ሰጥቷል። ዛፉ አንድ ነው፤ በአንዱ ወንዝ ዘበኛ፣ በሌላው ወራሪ የሚያደርገው የቆመበት ስፍራ ነው።

የወንዝ ዳር ተክል ውሃን የሚጠብቅበት መንገድ እንዲህ ነው። ከእርሻ የሚወርደው ጎርፍ በሣርና በቁጥቋጦ መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሲቀንስም የተሸከመውን አፈር ይጥላል። ፎስፎረስ የሚባለው ንጥረ ነገር በአብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ ስለ ሆነ አፈሩ ሲቀር እርሱም ይቀራል። ናይትሬት ግን በውሃ የሚሟሟ ነውና ከመሬት በታች ሰርጎ ይመጣል፤ እርሱን ከፊሉን ሥሮች ይመጡታል፣ ከፊሉንም በረጠበው አፈር ውስጥ የሚኖሩ አየር የማያሻቸው ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃም ከሞቀው የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። የሚረግፈው ቅጠል በውሃ ውስጥ ላሉ ነፍሳት ምግብ ይሆናል፤ ነፍሳቱ ከተክሎቹ ጋር አብረው የኖሩ ናቸውና የለመዱት ያገሩን ቅጠል ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ፒተርጆንና ኮሬል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ከበቆሎ እርሻ የሚወርድ ውሃ 50 ሜትር ያህል ስፋት ባለው የወንዝ ዳር ደን ሲያልፍ አብዛኛውን ናይትሬት እንደሚተው አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ በተጻፈው ውስጥ ይህ ሥራ በብዛት ይጠቀሳል።

ይሁን እንጂ የዛፍ መቀነት ሁሉን አይችልም። በቧንቧና በቦይ በቀጥታ ወደ ወንዙ የሚገባ እድፍ በሥሩ በኩል አያልፍምና ዛፉ ምንም አያደርገውም። የአዲስ አበባ ወንዞች ትልቁ ሕመም ይኸው ነው። በትንሹ አቃቂ ዳር ከተሠሩት የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎች የወጣው ፍሳሽ፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከየቤቱ ከሚወርደው ጋር ሆኖ ለብዙ ዘመን ወደ ወንዙ ሲገባ ኖሯል። ከከተማው በታች ባለው ወንዝ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ፤ ተመራማሪዎች በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ክሮሚየምንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። አትክልቱ ተመልሶ የሚበላው በከተማው ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ይህ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራ ግድብ በደለልና በእድፍ ተጐድቶ ለብዙ ዓመታት ሥራ ካቆመ በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በቻይና እርዳታ ታድሷል። ውሃው ከዚያ አዋሽን ተቀላቅሎ፣ በጣልያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው ወደ ቆቃ ይደርሳል። በቆቃ ውሃው አረንጓዴ እስኪሆን የሚበቅለው ማይክሮሲስቲስ የተባለው ረቂቅ ፍጥረት መርዝ ያለበት ነው፤ ያን ውሃ የሚጠጡ ሰዎችና ከብቶች ግን አሁንም አሉ። አዋሽ ወደ ባሕር የማይገባ ወንዝ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል፤ ከላይ የተጣለበት ሁሉ በአገር ውስጥ ይቀራል።

በጣናም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የሐይቁ ዳር ደንገል ለታንኳና ለከብት መኖ ያለ ልክ ሲታጨድ፣ ረግረጉም ሲታረስ፣ ከእርሻ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ሳይጣራ ወደ ሐይቁ መግባት ጀመረ። እምቦጭ የተባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በ2011 (እ.ኤ.አ.) በሐይቁ ላይ ሲታወቅ የተመቻቸ መኝታ ተነጥፎለት ነበር ማለት ይቻላል። በየዓመቱ ሕዝቡ በዘመቻ እየወጣ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ አረሙን የሚመግበው ነገር ግን ከሐይቁ ውጭ ካለው እርሻ ይወርዳል።

በገጠሩ የወንዝ ዳር የተራቆተበት ምክንያት ከከተማው የተለየ ነው፤ እርሱም የመሬት ጥበትና የመሬት ይዞታ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ወንዝ ዳርና ጨፌ በብዙ ቦታ የወል ግጦሽ ነበር፤ ማን እንደሚያሰማራ፣ መቼ እንደሚታጨድ በሽማግሌ ይወሰን ነበር። ይህን ዘመን በናፍቆት ብቻ ማሰብ አይገባም፤ የጭሰኛው ኑሮ የታወቀ ነውና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ብዙ ሰው መሬት አገኘ፤ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ሽግሽግ ለአዲስ ባለ ትዳር የሚሰጥ መሬት ሲጠፋ ደግሞ እስከ ውሃው አፍ ድረስ የወል መሬቱ ታረሰ። ዛሬ ወንዝ ዳር ያለ ገበሬ ባሕር ዛፍ የሚተክለው ከባንክ ገንዘብ ከማስቀመጥ ጋር አንድ አድርጎ ነው፤ ልጅ ሲያገባ ወይም ሲታመም ቆርጦ ይሸጠዋል። የትግራይ ክልል በ1989 ዓ.ም. ባሕር ዛፍ በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል መከልከሉ ይህን ችግር አይቶ ነው፤ ነገር ግን ዋንዛ ተክሎ ሃያና ሠላሳ ዓመት መጠበቅ ለማይችል ሰው ክልከላ ብቻ መልስ አይሆነውም። የጠራው ውሃ የሚጠቅመው ከታች ያለውን ነው፤ መሬቱን የሚለቀው ግን ከላይ ያለው ነው። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሒሳብ ሳይወራረድ የተተከለ ችግኝ በሁለተኛው ዓመት የከብት መኖ ሲሆን በብዙ ቦታ ታይቷል።

በከተማው በኩል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባን ወንዞች ዳር ለማልማት ትልቅ ሥራ ተይዟል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ ወጥቷል። ደንቡ ከዛፍ በፊት ቧንቧውን መመልከቱ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። ነገር ግን ወንዝን በድንጋይ ግንብ አጥሮ ከግንቡ በላይ ሣር ምንጣፍ ማንጠፍ ለዐይን ደስ ቢልም፣ ከላይ የተነገረውን የማጣራት ሥራ አይሠራም፤ ውሃው ከአፈርና ከሥር ጋር የሚገናኝበት መንገድ ተዘግቷልና። ሌላው መንገድ የወንዙን ዳር ለተክሎቹ ተራ መተው ነው። አኻያ ቅርንጫፉ ተቆርጦ በእርጥብ መሬት ቢተከል ያለ ችግር ይጸድቃል፤ በሁለትና ሦስት ክረምት ዳርቻውን ይይዛል። በእርሱ ጥላ ቄጠማው ይመለሳል፣ ከኋላውም ወይራና ዶቅማ በዝግታ ያድጋሉ። በእንጦጦ ሥር ያለው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል አገር በቀል ተክሎችን በባሕር ዛፍ ቦታ ለመመለስ የሚሠራው ሥራ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል።

የቀረው ትልቅ ጥያቄ ዘሩ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። በችግኝ ጣቢያዎች ለብዙ ዘመን የተለመደው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነበር፤ የኮሶና የዝግባ ዘር በገበያ እንደ ልብ አይገኝም። ዘሩ ያለው የጥንቱ ደን በቀረበት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ቆጠራ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች አግኝተዋል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው አገር ሜዳና እርሻ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ በጥቂት ጋሻ ቦታ ተጠብቋል። ነገር ግን ደኖቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከብት ገብቶ ቡቃያውን ስለሚረግጠውና ስለሚበላው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ወጣት ዛፍ የጠፋባቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በአንዳንድ አድባራት ካህናቱና ሕዝቡ ከተመራማሪዎቹ ጋር ተስማምተው በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠሩ። ድንጋዩ የተለቀመው ከአካባቢው እርሻ ነው፤ በዚያውም ለማረሻ መሬቱ ቀለለ። ከብቱ ከቅጥሩ ውጭ ሲቀር፣ ለረጅም ጊዜ ያልታየው የወይራና የጥድ ቡቃያ በካቡ ውስጥ ብቅ ማለት ጀመረ።